ለድሬ ሙቀት የሚሆን የጠላቂ ሰዓት፦ 300 ሜትሩን ተወውና ስለ ሰንሰለቱ እናውራ

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው። ጠያቂው ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሱቅ አለው። ዱባይ የሚኖረው ወንድሙ ሊመጣ ስለሆነ አንዴ ተገዝቶ ዕድሜ ልክ የሚታሰር ጥሩ ሰዓት ሊያስመጣ ፈልጓል። የሚያማርጠው ሮሌክስ ሰብማሪነርን ከኦሜጋ ሲማስተር ዳይቨር 300 ሜትር ነው። «ቀን በቀን ነው የማስረው» ይላል። «ሱቅ፣ ሞተር ሳይክል፣ ቤት፣ አልፎ አልፎ የሆቴል ዋና፣ በዓመት አንዴ ሁለቴ ጅቡቲ። ሁለቱም 300 ሜትር ስለሚሉ ውሃ አይፈሩም ማለት ነው አይደል? ሻወር ስገባም አላወልቀውም። ኦሜጋው የሄሊየም ቫልቭ ስላለው ይሻላል የሚሉኝ አሉ። ደግሞ አንድ ሰው እዚሁ ከተማ ኦርጅናል ሰብማሪነር በ45 ሺህ ብር እሰጥሃለሁ ብሎኛል። የእጄ ዙሪያ 16 ሴንቲ ተኩል ነው። የቱን ልግዛ?»

ከመጨረሻው ልጀምርና ቶሎ ልዝጋው። የ45 ሺውን እርሳው። አዲስ ሰብማሪነር፣ ቀን የማያሳየው ሞዴል እንኳ፣ የመደብር ዋጋው ከ9,000 ዶላር በላይ ነው። በብር ስታሰላው ሚሊዮን ያልፋል። በ45 ሺህ «ኦርጅናል» የሚሰጥህ ሰው የያዘው ወይ ፎርጂድ ነው ወይ የተሰረቀ። «ሰኮንድ ቆጣሪው እየተንሸራተተ ነው የሚሄደው፣ ስለዚህ ኦርጅናል ነው» ካለህ አትስማው፤ ማንኛውም ኦቶማቲክ ሰዓት እንደዚያ ነው የሚሄደው፣ ርካሹም ጭምር። የዛሬ ፎርጂድ እንደ ድሮው አይደለም፣ ክብደቱም ይመጣል፣ መስታወቱም አይጫርም፣ በውስጥ ጠርዙ ዙሪያ የሚቀረጸው ስምና ቁጥርም አይቀርበትም። ደህናውን ፎርጂድ በዓይን አይቶ መለየት ለእኔ ለሰዓት ሠሪውም ይከብደኛል፣ የጀርባ ክዳኑን ከፍቼ ማሽኑን ማየት አለብኝ። ላዩ ላይ የተጻፈው 300 ሜትር ደግሞ ጽሑፍ ብቻ ነው። ማንም አልፈተነውም።

አሁን ወደ እውነተኛው 300 ሜትር እንምጣ። ቁጥሩ የሚነግርህ ሰዓቱ ገና ፋብሪካ እያለ፣ አዲስ የውሃ መከላከያ ጎማ ተገጥሞለት፣ ምን ያህል የውሃ ግፊት እንደቻለ ነው። ባሕር ውስጥ በየ10 ሜትሩ ግፊቱ በአንድ አትሞስፌር ገደማ ይጨምራል፤ ስለዚህ 300 ሜትር ማለት ወደ 30 አትሞስፌር ነው። የጠላቂ ሰዓት ለመባል አይኤስኦ 6425 የሚባል መስፈርት አለ። ቢያንስ 100 ሜትር መቻል አለበት፣ ከተጻፈው ሩብ ያህል በሚበልጥ ግፊት እያንዳንዱ ሰዓት ለብቻው ይፈተናል፣ ጨለማ ውስጥ ከ25 ሴንቲ ሜትር ርቀት መነበብ አለበት፣ በመስታወቱ ዙሪያ ያለው የሚዞረው ቀለበትም ሳይታሰብ እንዳይዞር ሆኖ መሠራት አለበት። ተራ ሰዓት ላይ «30 ሜትር» የሚል ካየህ ግን እጅ መታጠቢያና ዝናብ ማለት ነው፣ ዋና አይደፈርበትም። እጄን ውሃ ውስጥ ሳወናጭፍ ግፊቱ በእጥፍ ይጨምራል የሚል ወሬም አለ። ልክ አይደለም። ማንም አይችልም እንጂ እጅህን በሰኮንድ 10 ሜትር ብታወናጭፈው እንኳ የሚጨምረው የ5 ሜትር ውሃ ያህል ግፊት ነው።

ለመዝናኛ የሚጠልቅ ሰው ጣሪያው 40 ሜትር ነው። አንተ ደግሞ ጅቡቲ ሄደህ የምትሠራውን አውቃለሁ፤ ታጁራ ባሕረ ሰላጤ ላይ ጀልባ ተከራይተህ፣ ሕይወት አድን ጃኬት ለብሰህ፣ ዓሣ ነባሪ የሚያክለውን ሻርክ ከላይ ሆነህ ታያለህ። ሁለት ሜትር አትወርድም። ስለዚህ 200 ሆነ 300 ሆነ 500፣ ላንተ አንድ ነው። በዚህ ቁጥር ተመርተህ አትግዛ።

ውሃ የሚያስገባው ጥልቀት ሳይሆን ጎማ ነው። ሰዓትህ ውስጥ ቢያንስ በሦስት ቦታ ቀጭን የጎማ ቀለበት አለ፦ በጎን ባለችው መሙያ፣ በጀርባ ክዳኑና በመስታወቱ ሥር። ሙቀት፣ ላብ፣ ሳሙና፣ ሽቶና የዋና ገንዳ ክሎሪን እያደረቁት እያጠነከሩት ይሄዳሉ። የደረቀ ጎማ ለዓይን ምንም አይመስልም። አምስት ዓመት ያልተፈተነ የ300 ሜትር ሰዓት ከቧንቧ ውሃም ላያድንህ ይችላል። ድሬ ላይ ደግሞ ችግሩ ይብሳል። ቀትር ላይ ፀሐይ ላይ የቆመ ሞተር ይዘህ መጥተህ፣ ሰዓቱ ቆዳህን እስኪያቃጥል ሞቆ፣ ቀጥታ ወደ ቀዝቃዛ ገንዳ ከዘለልክ በውስጡ ያለው አየር በቅጽበት ይኮማተራል። ደካማ ጎማ ካለ ውሃውን የሚስበው ያኔ ነው። አምስት ደቂቃ ጥላ ሥር አቆየውና ግባ።

ሻወር ላይ አውልቀው። ሙቅ ሻወር አልወስድም ትል ይሆናል፣ ግን ጣሪያ ላይ ያለው ሮቶ ቀትር ላይ ራሱ አፍልቶ ነው የሚሰጥህ። ሰዓቱ አንድ ቀን በሻወር አይሞትም። ነገሩ ሙቅ ውሃና ሳሙና በየቀኑ አንድ ላይ ሲሆኑ የጎማውን ዕድሜ ያሳጥራሉ፣ ሳሙናውም ሰንሰለቱ መገጣጠሚያ ውስጥ እየጋገረ ይቀራል። ስቲም ባዝ ጭራሽ አይታሰብ። ከሻወር በኋላ ለብቻው ማጠብ ይሻላል፣ እንዴት እንደሆነ ወረድ ብዬ እነግርሃለሁ።

እርጥበት መግባቱን ቤትህ ማወቅ ትችላለህ። ሰዓቱን ሞቅ አድርገው፣ በእጅ የሚያዝ ሙቀት፣ 40 ዲግሪ ገደማ፤ ድሬ ላይ መስኮት ዳር ትንሽ ማስቀመጥ ይበቃል። መስታወቱ ላይ የቀዘቀዘ ውሃ አንድ ጠብታ ጣል አድርግ። አንድ ደቂቃ ያህል ጠብቅና ጥረገው። ከመስታወቱ በውስጥ በኩል ጭጋግ ከቀረ ውሃ ገብቷል። ያኔ ሩዝ ውስጥ አትቅበረው፣ አቦ። ሩዝ ውስጥ የተቀበረ ሰዓት ተከፍቶ ሲታይ ዝገቱ አንድ ሳምንት ጨምሮ ነው የሚገኘው። በዚያው ቀን ባለሙያ ጋ ይምጣ።

ከጎማው በፊት ግን ሰው ነው የሚያጠፋው። ከጅቡቲ መልስ ከሚመጡልኝ ሰዓቶች አንዱን ልንገርህ። ውድ ስዊስ ሰዓት ነው፣ መሙያው ተፈቶ ወጣ እንዳለ ነው ጠረጴዛዬ ላይ የተቀመጠው። ክዳኑን ስከፍተው የመሙያው ዘንግ ብርቱካንማ ሆኗል። ቀኑን የሚያዞረው ጥርስ ላይ ነጭ የጨው ፍሬ ተጣብቋል። ከቁጥሮቹ የሁለቱ ቀለም ተላጧል። ባለቤቱ «300 ሜትር ይላል እኮ» ነው የሚለኝ። ይላል፣ ሲዘጋ። የጠላቂ ሰዓት መሙያ እንደ ብሎን ነው የሚታሰረው። ሰዓት ለማስተካከል ከፈታኸው በኋላ ካላሰርከው ሰዓቱ ክፍት ነው ማለት ነው። ስታስረውም አትታገለው። በለስላሳው ገፋ አድርገህ መጀመሪያ ወደ ኋላ አዙረው፣ ጥርሱ ከጥርሱ ጋር ሲገጥም ትንሽ ጠብ ሲል ይሰማሃል፣ ከዚያ ወደ ፊት አጥብቀው። በጣትህ እስኪቆም ብቻ፣ በፒንሳ አይደለም። ጥርሱ አንዴ ከተበላ ጥገናው ውድ ነው።

ለዚህ ነው ቀን የማያሳይ ሰዓት ግዛ የምልህ። ይሄንን ውጭ አገር ያለ ሻጭ አይነግርህም፣ ምክንያቱም የኛን አቆጣጠር አያውቅም። የሰዓቱ ቀን እስከ 31 ይቆጥራል። የፈረንጅ አቆጣጠር የሚከተል ሰው በዓመት አምስት ጊዜ ብቻ ያስተካክለዋል። በኛ አቆጣጠር የሚሄድ ሰው ግን ወሩ ሁሉ 30 ስለሆነ በየወሩ መጨረሻ 31ን መዝለል አለበት፣ ጳጉሜ ላይ ደግሞ በ5 ወይም በ6 ቆርጦ ወደ 1 መመለስ አለበት። ያ ሁሉ መሙያውን እየፈቱ ነው። በፈታኸው ቁጥር ጎማው ይላላል፣ አንድ ቀን ደግሞ ማሰሩን ትረሳለህ።

ሌላም አለ። ሰዓቱን በሐበሻ አቆጣጠር ከሞላኸው፣ እዚህ አብዛኛው ሰው እንደሚያደርገው፣ ቀኑ የሚቀየረው ቆጣሪዎቹ 12 ላይ ሲገናኙ ነው፤ ያ ደግሞ ላንተ ወይ ንጋት ነው ወይ ምሽት። ምሽት 12 ላይ ከቀየረ ቆጣሪዎቹን አንድ ሙሉ ዙር፣ 12 ሰዓት ወደ ፊት ወስደህ ወደ ንጋት ታመጣዋለህ። እስካሁን ደህና ነው፣ እንዲያውም ቀናችን ከንጋት ስለሚጀምር ያምራል። ችግሩ ብዙ ሰዓቶች ቀኑ ሊቀየር ሲቃረብና እንደተቀየረ፣ ግራና ቀኝ ሦስት ሰዓት ያህል፣ ቀናቸው በእጅ ሲለወጥ ጥርሱ ሊሰበር ይችላል። ለፈረንጅ ያ ጊዜ እኩለ ሌሊት ነው፣ ተኝቷል። ላንተ ግን ጠዋት ለብሰህ ልትወጣ ስትል ሰዓትህን አንስተህ የምታስተካክልበት ሰዓት ነው። ቀን የማያሳይ ሰዓት ይሄ ሁሉ ጣጣ የለበትም። ቀኑን ስልክህ ላይ እየው።

የፈረንጁን ሰዓት ለማወቅ ደግሞ ተጨማሪ ቆጣሪ አያስፈልግህም። ልዩነቱ ስድስት ስለሆነ ከሰዓት ቆጣሪው ትይዩ፣ ፊት ለፊት ያለውን ቁጥር አንብብ። አለቀ።

ስለ ሄሊየም ቫልቭ። ይሄ ለሳምንታት ግፊት ባለው ክፍል ውስጥ እየኖሩ ባሕር ሥር ቧንቧና ዘይት ጉድጓድ ላይ ለሚሠሩ ሰዎች የተሠራ ነው። የሚተነፍሱት ጋዝ ውስጥ ሄሊየም አለ፣ ሄሊየም በጣም ትንሽ ስለሆነ በጎማው አልፎ ሰዓቱ ውስጥ ይገባል፣ ሲወጡ ግፊቱ ሲቀንስ መስታወቱን ሊያስፈነጥረው ይችላል። ቫልቩ ያንን ያስተነፍሳል። ለውሃ መከላከል የሚጨምረው ነገር የለም። እንዲያውም አንድ ተጨማሪ ቀዳዳና አንድ ተጨማሪ ጎማ ነው። ድሬዳዋ ላይ በግንቦት ብርድ ልብስ መግዛት ማለት ነው። ያለው ሰዓት ከገዛህ ተጠቅልሎ እንደታሰረ ተወው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር፣ ማንም ወደማይጠይቀኝ። ሰንሰለቱ። ሙቀት አገር ውስጥ እጅ ያብጣል። ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ልክ የሆነ ሰንሰለት 8 ሰዓት ላይ ያንቃል፣ ማታ ነፋስ ሲመጣ ደግሞ እየተንሸራተተ እጅህ ጀርባ ላይ ይቀመጣል። ለቀትር ብለህ ብታሰፋው ጠዋትና ማታ ከባዱ ሰዓት ሲወዛወዝ ይውላል፣ ከሱቅ ባንኮኒ ጋር ይጋጫል። ለጠዋት ብታጠበው ቀትር ላይ አውልቀህ ኪስህ ትከተዋለህ። ሰዎች «ውድ ሰዓት ገዝቼ አላስረውም፣ መሳቢያ ውስጥ ነው» የሚሉት አብዛኛውን ጊዜ ከዚህ የተነሳ ነው። ስለዚህ መቆለፊያው ካለ መሣሪያ፣ እጅህ ላይ እያለ፣ ሚሊ በሚሊ የሚሰፋና የሚጠብ መሆን አለበት። ሰብማሪነሩ ላይ ያለው በየ2 ሚሊ እየዘለለ እስከ 20 ሚሊ ይሰፋል፣ በዚህ ማንም አይደርስበትም። ኦሜጋው ጫን እያደረግህ የምታንሸራትተው አለው። ቱዶር የሚባለው ኩባንያ፣ ወረድ ብዬ እመጣበታለሁ፣ አዳዲሶቹ ላይ በአምስት እርከን 8 ሚሊ የሚሰፋ አለው። ለቀን ተቀን የድሬ እብጠት 8 ሚሊ ይበቃል።

ላብና አቧራ ሌላው ነው። የኛ አሸዋ፣ ያ የደቻቱ ወንዝ ሲደርቅ ነፋስ የሚያነሳው፣ ከብረት ይጠነክራል። ከላብ ጋር ሲቦካ መቆለፊያው ውስጥ ግራጫ ጭቃ ይሆናል፣ በካቻቪቴ ጫፍ ስጭረው ቅርፊት ሆኖ ነው የሚወጣው። ያ ጭቃ የሰንሰለቱን ማያያዣ ዘንግ እንደ ሞረድ ይበላዋል፣ ከአሥር ዓመት በኋላ ሰንሰለቱ ይላላና ይንጠለጠላል። መፍትሔው ቀላል ነው። በሳምንት አንዴ፣ መሙያው መታሰሩን አይተህ፣ ለብ ባለ ውሃ፣ አንድ ጠብታ ፈሳሽ ሳሙና፣ ለስላሳ የልጅ ጥርስ ብሩሽ። የሚዞረውንም ቀለበት እያዞርክ ዙሪያውን እሸው፣ ሥሩ አሸዋ ከገባ መዞር ያቆማል። ከዋና ወይም ከባሕር ከወጣህ በዚያው ቀን በንጹሕ ውሃ። የቆዳ ማሰሪያ ለዚህ አገር አይሆንም፣ በሁለት ወር ይሸታል።

ሙቀቱ ማሽኑን ይጎዳዋል ወይ ብለህ የምትሰጋ ከሆነ፣ አይጎዳውም። ክሮኖሜትር የሚል ወረቀት የሚያገኝ የስዊስ ማሽን ለ15 ቀን፣ በአምስት አቀማመጥ፣ በ8፣ በ23 እና በ38 ዲግሪ ነው የሚፈተነው፣ በቀን ከ4 ሰኮንድ በላይ መዘግየት ከ6 በላይ መቅደም አይፈቀድለትም። 38 ዲግሪ! ድሬን አስበው ያደረጉት ነው የሚመስለው። ብቻ ሞተሩ ላይ ወይም መኪና ዳሽቦርድ ላይ ትተኸው አትሂድ፣ እዚያ ያለው ሙቀት ሌላ ነው።

ማግኔት ግን እወቅ። ሰዓትህ በድንገት በቀን ደቂቃዎች መቅደም ከጀመረ አብዛኛውን ጊዜ አልተበላሸም፣ ማግኔት ይዞት ነው። የስልክ ከቨር፣ የድምፅ ማጉያ፣ ማግኔት ያለው ቦርሳ፣ እነዚህ ጋ አታሳድረው። ማውጣቱ የደቂቃዎች ሥራ ነው፣ ለዚህ ብሎ «ሙሉ ሰርቪስ ያስፈልገዋል» የሚልህ ካለ ሌላ ጋ ሂድ።

ኦቶማቲክ ቆመብኝ የሚል አቤቱታም በዝቷል። ኦቶማቲክ የሚሞላው እጅህ ሲንቀሳቀስ ነው። ከምሳ በኋላ ምንጣፍ ላይ ጋደም ብለህ እስከ መግሪብ በርጫ ላይ ከዋልክ ሞላው ከየት ይመጣል? አዲስ ማሽኖች አንዴ ከሞሉ ከሁለት እስከ ሦስት ቀን ይሄዳሉ፣ ሮሌክስና ቱዶር 70 ሰዓት፣ ኦሜጋው 55። ከቆመ መሙያውን ፈትተህ 30 ዙር ያህል በእጅህ ሙላው። አራግፈህ አታስነሳው።

ሦስቱን ላነጻጽርልህ። ሦስት አልኩ፣ አንተ ያላሰብከውን አንድ ስለጨመርኩ።

ኦሜጋው ጠንካራ ሰዓት ነው፣ በማግኔት በኩል 15,000 ጋውስ ይችላል፣ ይሄ ትልቅ ነገር ነው። በያጅ ወይም የትልልቅ ሞተሮች ቴክኒሻን ብትሆን ሌላውን ሁሉ ትቼ ይሄን ውሰድ እልህ ነበር። ባለ ሱቅ ነህ፣ አያስፈልግህም። ስፋቱ 42 ሚሊ፣ ሰንሰለቱ ከሚያያዝበት ከላይኛው ጫፍ እስከ ታችኛው ጫፍ ወደ 50 ሚሊ ነው፣ ወፍራም ነው፣ ከብረት ሰንሰለቱ ጋር ከሦስቱ ከባዱ ነው። 16 ሴንቲ ተኩል እጅ ላይ ይቀመጣል፣ ግን መኖሩን ቀኑን ሙሉ ያስታውስሃል። የተለመደው ሞዴል ቀንም አለው፣ ቫልቭም አለው። ዋጋው 6,000 ዶላር ገደማ።

ሰብማሪነሩ 41 ሚሊ፣ ቀጠን ያለ፣ በቀን ከ2 ሰኮንድ በላይ የማይስት፣ መቆለፊያው ከሁሉ የሚበልጥ። እንደ ሥራ ከተመዘነ ከሦስቱ አንደኛ ነው፣ አልዋሽህም። ግን ሁለት ነገር አለበት። ዱባይ ወኪል መደብር ገብተህ «አንድ ስጡኝ» ስላልክ ብቻ አይሰጡህም፣ ወረፋ አለው፣ ወንድምህ ወረፋውን ዘሎ ከሌላ ነጋዴ ቢገዛ ደግሞ ከመደብሩ ዋጋ በላይ ሊከፍል ይችላል። ሁለተኛው ይበልጥ ያሳስበኛል። ይሄን ሰዓት ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ሱቅ ውስጥ ዕቃ ስታቀብል ደንበኛህ ዋጋውን ያሰላል፣ መብራት ላይ ሞተርህን ስታቆም የሚያይህ አለ። መጋላ ሰፈር ስትገባ አውልቀህ ኪስህ የምትከተው ከሆነ የየቀን ሰዓት አይደለም። እንደ ጌጥ ይሆንልሃል፣ አንተ የጠየቅከኝ ግን ሌላ ነው።

ሦስተኛው ቱዶር ፔላጎስ 39 ነው። ቱዶር የሮሌክስ እህት ኩባንያ ነው፣ አንድ ሰው ነው ሁለቱንም የመሠረተው። ፔላጎስ 39 በ2022 የወጣ ነው። ስፋቱ 39 ሚሊ፣ ከጫፍ ጫፍ 47፣ ውፍረቱ 12 ሚሊ አይሞላም፣ ላንተ እጅ የተለካ ነው። አካሉም ሰንሰለቱም ቲታኒየም ነው፤ ቲታኒየም በተመሳሳይ መጠን ከብረት 40 በመቶ ገደማ ይቀላል፣ ሙቀት ላይ ይሄ እንዴት እንደሚያሳርፍ ያሰረ ነው የሚያውቀው። ቆዳቸው በብረት ለሚቆጣ ሰዎችም ይስማማል። ቀን የለውም። የሄሊየም ቫልቭ የለውም። ያልኩህ የአምስት እርከን መቆለፊያ አለው። የማሽኑ ፀጉር ሞላ፣ ምቱን የሚቆጣጠረው ቀጭን ጥቅልል ሽቦ፣ ሲሊከን ስለሆነ ማግኔት በቀላሉ አይዘውም። የክሮኖሜትር ወረቀት አለው፣ 70 ሰዓት ይሄዳል። 200 ሜትር ነው፣ ስለ ሜትር ተነጋግረናል። መብራት ሲጠፋ ቁጥሮቹና ጠቋሚዎቹ ሰማያዊ ያበራሉ። ዋጋው 5,000 ዶላር ገደማ ነው፣ ሦስቱም በየጊዜው ይጨምራሉና ስትገዛ አረጋግጥ።

እንከኑንም ልንገርህ። ቲታኒየም ላዩ ቶሎ ይጫራል፣ በመጀመሪያው ወር ባንኮኒህ ያንን ያሳይሃል፣ መልመድ ነው። ቀለበቱ ላይ ያለው ሴራሚክ በተቃራኒው አይጫርም፣ ግን ሴራሚክ ወለል ላይ ከወደቀ ሊሰነጠቅ ይችላል፣ ሲሰነጠቅ ደግሞ መቀየር እንጂ መጠገን የለም። ስትሸጠውም እንደ ሮሌክስ ዋጋውን አይዝም። ለመሸጥ ብለህ የምትገዛ ከሆነ ይሄን አትግዛ።

ምክሬ ግልጽ ነው፤ ፔላጎስ 39 ግዛ። ልብህ ሰብማሪነር ላይ ከተጣበቀና በሌላ ሰዓት እንቅልፍ የማይወስድህ ከሆነ ቀን የሌለውን፣ ቁጥሩ 124060 የሆነውን ያዝና ወረፋህን ጠብቅ። ከሁለቱ ውጭ አትሂድ።

ሲገዛ ወንድምህ የሚያደርገውን ጻፍልኝ ካልክ፣ እነሆ። ወኪል መደብር ብቻ። የዋስትና ካርዱ ላይ ቀንና የሰዓቱ ቁጥር ይሞላ፣ ቁጥሩ ሰዓቱ ላይ ካለው ጋር ይመሳከር፤ ሦስቱም ኩባንያዎች የሚሰጡት ዋስትና 5 ዓመት ነው። ከዱባይ 5 በመቶ ቫት አብዛኛው ለቱሪስት ይመለሳል፣ እዚያ ነዋሪ ለሆነው ለወንድምህ ግን አይመለስም፣ ስለዚህ ያ ገንዘብ ይመለሳል ብለህ አትቁጠር። ከሰንሰለቱ የሚወጡትን ቁራጮች በሙሉ ይዞ ይምጣ። መደብር ውስጥ «አያስፈልግም» ብለው የተዋቸው ሰዎች ከሦስት ዓመት በኋላ ወፈር ሲሉ አንድ ቁራጭ ፍለጋ እኔ ጋ ይመጣሉ፣ የለኝም።

በዋስትናው አምስት ዓመት ውስጥ ክዳኑን ማንም አይክፈተው። እኔንም ጨምሮ። ወኪል ያልሆነ ሰው ከከፈተው ዋስትናው ይሰረዛል። እዚህ ከተማ ያለ ሰዓት ሠሪ ሰንሰለት ያሳጥርልሃል፣ ማግኔት ያወጣልሃል፣ ያጸዳልሃል፣ ያ ክዳን ሳይከፈት የሚሠራ ነው። ሙሉ ሰርቪስ ኦሜጋ ከ5 እስከ 8 ዓመት፣ ሮሌክስ 10 ዓመት ገደማ ይላሉ፣ ወጪው ብዙ መቶ ዶላር ነው፣ ከሰብማሪነሩ ያተረፍከውን ለዚያ አስቀምጠው። የውሃ ግፊት ፍተሻውን ግን በየዓመቱ፣ ወንድምህ ጋ ስትሄድ ወይም እሱ ሲመጣ ልከህ፣ ዱባይ አሠራው። ጅቡቲ ልትሄድ ስትል ካልተፈተነ ቤት ተወው።

አሁን ክር አምጣና እጅህን ሁለት ጊዜ ለካ፣ አንዴ ጠዋት ከእንቅልፍህ ስትነሳ፣ አንዴ 8 ሰዓት ላይ ከሞተር ስትወርድ። ሁለቱንም ቁጥር ለወንድምህ ላክለት፤ መደብሩ በመካከላቸው አድርጎ ይቁረጠው፣ መቆለፊያውም መካከለኛው እርከን ላይ ይሁን፣ ወደ ሁለቱም በኩል ቦታ እንዲተርፍህ።